«የቱ ይሻላል?» ያልኩበት ቅዳሜ

በሰፈራችን ሰው ሲሞት ከቄሱ ቀጥሎ የምፈለገው እኔ ነኝ። መቃብር ቆፋሪ አይደለሁም፤ ፎቶ አንሺ ነኝ። የሟች ቤተሰብ ከመታወቂያ ላይ የተላጠች አንዲት ጉርድ ፎቶ ይዞ ይመጣና «ደሬ፣ ባክህ ቶሎ አሳድግልን፣ ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው» ይለኛል። ግንባሩ ላይ ያረፈውን ማኅተም አጠፋለሁ፣ ጥቁርና ነጭ አደርገዋለሁ፣ በትልቁ አትሜ ፍሬም ውስጥ አስገባዋለሁ። ከዚያ ድንኳን ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ይቆማል። በሕይወቱ ክራቫት አስሮ የማያውቅ ስንቱን ጎረቤቴን ክራቫት አስሬ ሸኝቻለሁ። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ኋላ የሠራሁትን ሥራ እንድትረዱልኝ ነው። እኔ ራሴ በሰዓቱ ልብ አላልኩትም።

ዓመት ሊሞላው ነው። ከቀራንዮ ወደ ዓለም ባንክ ሰፈር በሚወስደው አስፋልት ዳር ፊቱ ሙሉ መስታወት የሆነ ቤት ተከራይቼ ገባሁ። የድሮው ቤቴ ጓሮ ስለነበር የሚያየኝ አልነበረም። አሁን ግን ታክሲ የሚጠብቅ ሰው ሁሉ ፊት ለፊቴ ነው የሚገተረው። እዚያ መስታወት ላይ የምሰቅለው አንድ ፎቶ አስፈለገኝ፤ መንገደኛውን ቀጥ አድርጎ የሚያቆም ፎቶ። ሙሽራና ተመራቂ ሞልቶኛል፤ ግን ሙሽራ ያልሰቀለ ፎቶ ቤት የት አለ?

በዚህ መሃል ነው ጋሽ ውብሸት ለጡረታ ጉዳይ ጉርድ ፎቶ ሊነሱ የመጡት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተሳቢ እየነዱ ጅቡቲ ሲመላለሱ የኖሩ የሰፈራችን ሰው ናቸው። ፀሐይ በመስኮቱ በኩል ሲመታቸው ስለኖረ ግራ ጉንጫቸው ከቀኙ ይጠቁራል። እንዲህ ያለ ፊት ፈልጌ አላገኝም ነበር። ጉርዱን እንደጨረስኩ «ጋሼ፣ አሁን ደግሞ ለኔ ይቀመጡልኝ» አልኳቸው።

«ምን ልታደርገው?»

«መስታወቱ ላይ ልሰቅልዎት።»

«እኔን? በቀራንዮ ቆንጆ ጠፋ?» ብለው ሳቁ። «በል ስቀለኝ። አስካለ ካልተጣላችህ እኔ ምን ቸገረኝ!»

እትዬ አስካለ ባለቤታቸው ናቸው። ብዙ አነሳኋቸው። መጨረሻ ላይ ፊታቸው ዘና እንዲልልኝ ብዬ «ወንድም እህት አለዎት፣ ጋሼ?» አልኳቸው። ዝም አሉ። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ቀጥ ብለው አዩኝ፤ እኔም አነሳሁ። ምን እንደነካሁ የገባኝ ካነሳሁ በኋላ ነው።

የጋሽ ውብሸትን ነገር የማያውቅ የለም። ከዛሬ አሥራ ሰባት ዓመት በፊት እናታቸው ሲሞቱ እሳቸው ጅቡቲ ነበሩ። ታናሽ ወንድማቸው አቶ ጌታነህ ቀብሩን አስፈጸሙና ለዘመድ ሁሉ «ደወልኩለት፤ ዕቃዬን ሳላራግፍ አልመጣም አለኝ» ብለው ተናገሩ። ጋሽ ውብሸት በአራተኛው ቀን ሲመጡ እናታቸው ተቀብረዋል፣ ስማቸውም አብሮ ተቀብሯል። አልተደወለልኝም ብለው ማሉ፣ ተገዘቱ፤ የሰማቸው የለም። ከዚያ ወዲህ የእናቱን ሞት ከጭነት ያሳነሰ ልጅ ተብለው ኖሩ። ወንድማቸው ዘነበወርቅ፣ እሳቸው ቀራንዮ፤ በታክሲ ስንት ደቂቃ ነው? አሥራ ሰባት ዓመት ግን አልተያዩም። እትዬ አስካለ በየዓመቱ ሽማግሌ ይልካሉ፣ አቶ ጌታነህ በየዓመቱ ይመልሳሉ።

ካነሳኋቸው ውስጥ ሦስት መረጥኩ። በአንደኛው የወለቀ ጥርሳቸው እየታየ ይስቃሉ። በሁለተኛው ወደ በር ይመለከታሉ። ሦስተኛው ያ ዝም ያሉበት ነው። ጥቁርና ነጭ ሳደርጋቸው ደግሞ ይበልጥ አማሩ። አንዱን መምረጥ ግን አቃተኝ። አንዲት ደንበኛዬ «የሚስቁበት! ሰው ደስ ብሎት ይገባል» አለች። የታክሲ ተራ አስከባሪው ገብቶ አየና «ሁለተኛውን እንዳትነካው፣ ታክሲ ያመለጠው ሰው ነው የሚመስሉት» አለኝ። ባለቤቴ ሦስተኛውን አየችና «ዓይናቸው ምን ሆኗል?» አለች። ሦስት ሰው፣ ሦስት አስተያየት።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ጋሽ ውብሸት በበሬ አለፉ። «ዓለም ባንክ ደርሼ ልምጣ፤ የጎመን ችግኝ አለ ብለውኛል» አሉኝ። «ዛሬ እሰቅልዎታለሁ» አልኳቸው። እጃቸውን አወዛውዘው ሄዱ።

እንግዲህ ያን ጊዜ ነው ነገሩን የሠራሁት። ስልኬን አወጣሁና ሦስቱንም ፎቶ የሰፈራችን እድር የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጠፍኩ። ከሥሩ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ጋሽ ውብሸት። የቱ ይሻላል? ዛሬውኑ በትልቁ አትሜ ስለማቆመው አስተያየታችሁን ቶሎ ስጡኝ።»

እስቲ በእድር ግሩፕ ላይ፣ ከለቅሶ ፎቶ ሠሪ፣ ይህን ያነበበ ሰው ምን ይበል? እኔ ግን ምንም አልታየኝም። ስልኬን ቻርጀር ላይ ሰካሁና ጋዋን የለበሱ የመዋዕለ ሕፃናት ተመራቂዎችን ላነሳ ጓዳ ገባሁ። አንዱ ያለቅሳል፣ አንዷ ቆቧን ትጥላለች፤ ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ።

ስወጣ ስልኬ ላይ መልእክት ተከምሯል። ደስ አለኝ፤ ሰው ለሥራዬ ይህን ያህል ይጨነቃል ብዬ ከላይ ጀምሬ ማንበብ ያዝኩ። «ሦስተኛው ክብር አለው።» «ሁለተኛው።» «ሦስተኛው ይሁን፣ ነፍስ ይማር።» ይህኛው ቀልድ መሰለኝ። ቀጥሎ «ምን ነካቸው? ትናንት ደህና አልነበሩም?» የሚል አለ። ከዚያ «እግዚአብሔር ያጥናችሁ»፣ «ድንኳኑ ወጥቷል፣ ጎረምሶች ቶሎ ድረሱ»፣ «ለወንድሙ ተነግሯል፣ እየመጣ ነው።»

«አልሞቱም! ለመስታወት ነው!» ብዬ ጻፍኩ፤ ከሥሩ ወዲያው ሃያ «ነፍስ ይማር» ተደረደረና ዋጠው። የጋሽ ውብሸት ስልክ ላይ ደወልኩ። ጠርቶ ጠርቶ አንዲት ሴት አነሳችና ጩኸቷን አቀለጠችው። ስልካቸውን ቤት ጥለውት ነው የወጡት። ቤቴን ሳልዘጋ ሮጥኩ።

ድንኳኑ ተተክሎ አገኘሁት። እትዬ አስካለ ሳሎን ወለሉ ላይ ተቀምጠው ደረታቸውን ይደቃሉ። በመካከል ገብቼ «አልሞቱም! ጋሽ ውብሸት በሕይወት አሉ! ጠዋት አይቻቸዋለሁ!» ብዬ ጮህኩ። የእድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ደምሴ ክንዴን ያዙኝ።

«አይዞህ ልጄ፣ ጠዋትማ ሁላችንም አይተነዋል። ሞት እንዲህ ነው።»

«እኔ ነኝ የለጠፍኩት! ለመስታወት ነው!»

«ደንግጧል። ውኃ ስጡት» አሉ። «ይጩህ፣ ይውጣለት።»

ሳሎኑ በር አጠገብ ወንበር ላይ አስቀምጠው ትከሻዬን ያዙኝ። እመኑኝ፣ አንድ ሰው መቶ ሰው ፊት እውነት ሲናገር እብድ ነው የሚመስለው። ቆይቶ እኔም መጠራጠር ጀመርኩ። ምናልባት ዓለም ባንክ ሄደው መኪና ገጭቷቸው ቢሆንስ? እንዴት ይህ ሁሉ ሕዝብ ይሳሳታል? በገዛ አፌ «ነፍስ ይማር» ልል ምንም አልቀረኝም ነበር።

በዚህ ጊዜ አቶ ጌታነህ ገቡ። አይቻቸው አላውቅም፤ ግን የጋሽ ውብሸት ፊት ነው፣ ሁለቱም ጉንጩ እኩል የነጣ። ነጠላቸውን አደግድገዋል። በድንኳኑ መሃል አቋርጠው ሳሎን ገቡና እትዬ አስካለ እግር ሥር ወደቁ። ውጭ ሴቶቹ እየጮሁ ስለነበር የተናገሩትን የሰማነው ሦስት ሰዎች ብቻ ነን፤ እትዬ አስካለ፣ ክንዴን የያዙኝ ጋሽ ደምሴና እኔ።

«አስካለ፣ አልደወልኩለትም!» አሉ። «ደወልኩለት ያልኩት ውሸቴን ነው! እናታችን እስከ መጨረሻዋ ውብሸት፣ ውብሸት እንዳለች ነው የሞተችው። አጥቤ፣ አጉርሼ የማስታምማት እኔ፣ የምትጠራው እሱን! ቢያንስ ቀብሯ የኔ ብቻ ይሁን ብዬ ነው። ዕቃዬን ሳላራግፍ አልመጣም አላለኝም። ምንም አላለኝም! አስካለ፣ ይህን ሳልነግረው ሞተብኝ!»

እትዬ አስካለ ለቅሷቸው ቀጥ አለ። አንድ ሰው አሥራ ሰባት ዓመት ሲጠብቀው የኖረው ቃል እዚህ ሳሎን ውስጥ እየተነገረ ነው፤ ባለቤቱ ግን ችግኝ ሊገዛ ሄዷል። «አልሞቱም እኮ!» አልኩ። «በሕይወት አሉ፤ ይንገሯቸው!» ጋሽ ደምሴ ክንዴን ጨመቁኝ። «ዝም በል አንተ ልጅ፣ ሰውዬው ያልቅስበት።»

ወዲያው ውጭ ያለው ጩኸት እየሳሳ እየሳሳ ሄደና ጸጥ አለ።

ጋሽ ውብሸት የጎመን ችግኝ በፌስታል አንጠልጥለው ከድንኳኑ ደጃፍ ቆመው ነበር። በገዛ ግቢያቸው ድንኳን ሲያዩ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ማን ነው የሞተብን?» አሉ። አንዷ አማተበች፣ አንዷ ወንበር ገልብጣ ሸሸች። እሳቸው እንደ ለቀስተኛ አንገታቸውን ደፍተው፣ ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው ሳሎን ገቡ።

አቶ ጌታነህ ቀና አሉ። መጀመሪያ ወደ ኋላቸው ሸሹ። ቀጥሎ ፊታቸው ላይ የታየውን ደስታ እስከ ዛሬ ፎቶ አንስቼው አላውቅም። «ውብሸት!» ብለው ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ተነሡ። ሁለት እርምጃ ሄዱ። አንድ ክንድ ነው የቀራቸው።

ያኔ ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ። አንዷ እልል አለች። ደስታ ነው፤ ማን ሊፈርድበት ይችላል? አቶ ጌታነህ ግን ቀጥ ብለው ቆሙ። ወደ ሳቁ ዞሩ፣ ወደ እትዬ አስካለ ዞሩ፣ ወደ እኔና ወደ ጋሽ ደምሴ ዞሩ። እጃቸው ቀስ እያለ ወረደ።

«በሽማግሌ ሲያቅታችሁ በሞት መጣችሁ?» አሉ። «እኔን ለማስለፍለፍ ድንኳን ተከላችሁ?»

«ጌትዬ፣ ምን ሆነህ ነው?» አሉ ጋሽ ውብሸት። «ማን ነው የሞተው?»

አቶ ጌታነህ ሕዝቡን ገፍተው ወጡ። ጋሽ ውብሸት ባርኔጣቸውን እንደያዙ «ጌትዬ! ኧረ ጌትዬ!» እያሉ እስከ አስፋልቱ ተከተሏቸው። ስንደርስባቸው አቶ ጌታነህ የተሳፈሩበት ታክሲ ሄዷል። እሳቸው አቧራው ውስጥ ቆመው፣ አሁንም ማን እንደሞተ አልገባቸውም።

ማታውን ድንጋይ ተሸክሜ እግራቸው ላይ ወደቅኩ። «አንሱት፣ አንሱት ይህን እብድ» ብለው ሳቁ። «ሞቼ ማን እንደሚመጣልኝ አየሁ፤ ማን ይህን አግኝቶ ያውቃል?» ድንጋዩን ራሳቸው ከትከሻዬ አወረዱልኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ።

«ጌታነህ ሲያለቅስ ምን እያለ ነበር?»

እትዬ አስካለ ከሰዓት በኋላ፣ ድንኳኑ ሲነቀል፣ ጋሽ ደምሴንና እኔን ጓዳ ወስደው አስምለውን ነበር። «ከእኛ አፍ ከሰማው ወሬ ነው የሚሆነው» ብለውናል። «ዕድሜ ልኩን የጠበቀውን በወሬ አይስማው። ጌታነህ ራሱ ቆሞ በአፉ ይንገረው። እኔ አመጣዋለሁ፤ ጊዜ ስጡኝ።» ልክ መስሎን ነበር። እውነቱን ልናገርና እኔ ደግሞ ፈርቼም ነበር፤ አንድ ጊዜ በአፌ ሰው ገድዬ ሌላ ነገር ላንቀሳቅስ አልደፈርኩም።

«አለቀሱ፣ ጋሼ» አልኳቸው።

«ዝም ብሎ?»

«ዝም ብለው።»

«አለቀሰ…» አሉና አንገታቸውን ነቀነቁ። «እሱም ቢሆን ቀላል አይደለም።»

ጊዜ ስጡኝ ያሉት እትዬ አስካለ ሽማግሌ ላኩ፤ አቶ ጌታነህ በር አልከፈቱም። ደግመው ላኩ። በሃያኛው ቀን ጋሽ ውብሸት ከእንቅልፋቸው አልነቁም። ልባቸው ነው አሉ።

ጋሽ ደምሴ ግሩፑ ላይ ጻፉ። ያን ጠዋት የመጣውን መልስ ላነብላችሁ ይከብደኛል። «ደሬ ደግሞ ጀመረው!» የሚል አለ። የሚስቅ ምስል የላኩ አሉ። «ዛሬስ ስንተኛው ፎቶ ነው?» ያለም አለ። ሰው ቤት ለቤት እየዞርን ስናስረዳ ረፈደ። እኔ ዘነበወርቅ ሄጄ የአቶ ጌታነህን በር አንኳኳሁ። በሩን ገርበብ አድርገው ሲያዩኝ አወቁኝ።

«አቶ ጌታነህ፣ ዛሬ የእውነት ነው። በመድኃኔዓለም! ጋሼ አርፈዋል፤ ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ቀራንዮ ነው።»

«አንዴ አልቅሼለታለሁ» አሉኝ። «ሁለተኛ አልሞኝም።»

«የፈለጉትን ይበሉኝ፣ ብቻ አብረውኝ ይምጡ፤ ውሸቴን ከሆነ እዚያው ይስቀሉኝ!»

በሩን ዘጉት። ከውጭ ቆሜ እየመታሁ ማልኩ፣ ለመንኩ፣ አለቀስኩ፤ ጎረቤት ወጥቶ ገፍቶ ሸኘኝ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጋሽ ውብሸትን ቀበርናቸው። ሳይሞቱ ያለቀሰላቸው ሕዝብ ግማሹ እንኳ አልነበረም። ወንድም ከሚቆምበት ቦታ ላይ ጋሽ ደምሴ ቆሙ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ምን ተማርክ ብትሉኝ መልሴ አጭር ነው። የሰው ፊት በእጃችሁ ሲገባ ከመላካችሁ በፊት የሚደርሰው ሰው ምን ብሎ እንደሚያነበው አስቡ። ይህ ግን ማንም የሚመክራችሁ ነው። እኔን ያንገበገበኝ ሌላው ነው። በስህተት የተናገርኩትን ሞት ሁሉም አመነኝ፤ በሐቅ ልናገረው የሚገባኝን አንድ ቃል ግን ልክ ሰዓቱ ይምጣ ብዬ ያዝኩት። አሥራ ዘጠኝ ቀን ሙሉ በበሬ ሲያልፉ «ደህና አደርክ?» ብለውኛል፤ አሥራ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ቃሉ አፌ ላይ ነበር። የሰውን እውነት ለሰውየው አትያዙበት። ሽማግሌ ይምጣ፣ በዓል ይድረስ፣ ባለቤቱ ራሱ ይናገር አትበሉ። መስታወቴ እስከ ዛሬ ባዶ ነው፤ ሰው ሲጠይቀኝ ገና አልመረጥኩም እላለሁ።

አቶ ጌታነህ በሦስተኛው ቀን ፎቶ ቤቴ መጡ። መስክረው ያሳመኗቸው ዘመዶች ናቸው። ጥቁር ለብሰው፣ ጢማቸውን ሳይላጩ፣ ደንበኛ የሚቀመጥባት በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ተመኘሁም። አልተቆጡም።

«ያን ቀን ለአስካለ ያልኩትን ሰምተሃል» አሉኝ።

«ሰምቻለሁ።»

«ነገራችሁት?»

ወለሉን አየሁ። «ነግረናቸዋል» አልኩ።

«ምን አለ?»

የሞተ ሰው ያላለውን እንዴት ብዬ ልናገር? ግን አፌ ተናገረ። «‹ወንድሜ ነው፤ ምን አደርገዋለሁ› አሉ። ‹እናታችን እሱንም ትጠራው ነበር፣ እኔ እቤት ስሆን› አሉ።»

ታክሲዎቹ ውጭ ይጣራሉ። አቶ ጌታነህ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው እንደገና አወረዱት።

«ወደዚህ ከመምጣቴ በፊት አስካለ ዘንድ ነበርኩ» አሉኝ። «ማንም አልነገረውም፤ ሳያውቅ ነው የሞተው ብላ ምላ ነግራኛለች።»

የምገባበት ጠፋኝ። ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት በእጃቸው አስቆሙኝ።

«ቢሆንም» አሉ። «እስቲ ድገምልኝ። ምን አለ አልክ?»

ደገምኩላቸው።